ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ፦ መሐል አዲስ አበባ ላይ መኪና ሲያስቸግር

ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣው ቸርችል ጎዳና መኪና በመመርመር ከብዙ ጋራዥ ይሻላል። የደከመ ፍሪሲዮን፣ የተደፈነ ራዲያተር፣ ያረጀ ካንዴላ ዳገቱ ሳያልቅ ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናው ዳር ይይዛል፣ አላፊ አግዳሚው የየራሱን ግምት ይሰነዝራል፣ ባለቤቱም ከግምቶቹ አንዱን ይዞ ሶማሌ ተራ ይወርዳል። ዲናሞ (ባትሪውን የሚሞላው) ተገዝቶ ይገጠማል፤ ጥፋቱ ግን የባትሪው ራስ ላይ የተጋገረው ነጭ ዱቄት ሆኖ ይገኛል። አንዴ የተገጠመ የኤሌትሪክ ዕቃ መልሶ የሚቀበል ሻጭ ደግሞ እምብዛም አይገኝም።

ስለዚህ እዚህ ያለው ቅደም ተከተል አንድ ነው፦ መጀመሪያ ምልክቱን ማየት፣ ቀጥሎ መለካት፣ ዕቃ መግዛት መጨረሻ።

መኪና ውስጥ መቀመጥ ያለበት ዕቃ ብዙ አይደለም። ርካሽ ዲጂታል መልቲሜትር፣ 10፣ 12 እና 14 ቁጥር ቁልፍ፣ የካንዴላ ቁልፍ (ለአብዛኞቹ ትንንሽ ቶዮታዎች 16 ቁጥር)፣ 21 ቁጥር የጎማ ቁልፍ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ወፍራም ጨርቅ፣ የጎማ ንፋስ መለኪያ እና በሁለት ሃይላንድ የተሞላ ውሃ። ከሁሉም መልቲሜትሩ ይበልጣል።

ቁልፍ ተዞሮ ሞተሩ አልነሳ ሲል

መጀመሪያ ጆሮ ይሥራ። የፊት መብራቱን አብሩና ቁልፉን አዙሩ። ከአራቱ አንዱ ይሆናል።

መብራቱ ድክም ብሎ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ፈጣን ድምፅ ከሰማችሁ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም የባትሪው ገመድ በደንብ አልነካም። መብራቱ ሳይደክም አንድ ጊዜ ብቻ «ጠቅ» ካለ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ ወደሚያስነሳው) ይዞራል። መብራቱ ደህና ሆኖ ምንም ድምፅ ከሌለ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ከ«ፒ» ወደ «ኤን» አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ከተነሳ ማርሹ ሥር ያለው ማብሪያ ነው። ማኑዋል ከሆነ ፍሪሲዮን ፔዳሉ ሥር ያለውን ማብሪያ፣ ከዚያ ፊውዙን እዩ። ሞተሪኖው በጉልበት እያዞረ ሞተሩ የማይነሳ ከሆነ ግን ባትሪውን ተዉት፣ ነገሩ ቤንዚን ወይም እሳት ነው።

ለመጀመሪያው ሁኔታ መለኪያው ይኸው። መልቲሜትሩን 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጋችሁ፣ መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት የባትሪውን ሁለት ራሶች ንኩ። 12.6 ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ገደማ፣ 12.2 ግማሽ ነው። 12.0 ሩብ ገደማ ነው፤ ከ11.9 በታች ባዶ ማለት ነው። ከመንዳት እንደቆማችሁ ከለካችሁ ግን ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያታልላችኋል።

ቀጥሎ አንድ ሰው ቁልፍ ያዙርላችሁና በዚያው ቅጽበት አንብቡ። ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደና ባትሪው ቀድሞ 12.4 ወይም 12.6 ሲያሳይ ከነበረ ባትሪው ውስጡ አልቋል፤ ቻርጅ ቢደረግም ነገ እዚያው ነው። ቁጥሩ 11 አካባቢ ቆሞ ሞተሪኖው እየደከመ ካዞረ ደግሞ ኮረንቲው መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ይህን ለመያዝ አንዱን የመልቲሜትር እግር በባትሪው እርሳስ ራስ ላይ፣ ሌላውን ራሱን በያዘው ማሰሪያ ላይ አድርጉና ቁልፍ ይዞር። በሁለቱ መካከል ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበባችሁ ዝገት አለ። ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት፣ ማለትም ማሳው ላይ፣ ከ0.5 በላይ ካነበባችሁ የማሳው ገመድ ወይም ብሎኑ ነው ጥፋተኛው። ብዙ «የሞተ» ሞተሪኖ ከሞት የሚነሳው እዚህ ጋ ነው።

ማጽዳቱ አስር ደቂቃ አይፈጅም።

1. ሞተሩን አጥፉ። በ10 ቁጥር ቁልፍ መጀመሪያ ኔጌቲቩን (ጥቁሩን) ፍቱ። ፖዘቲቩን ከጀመራችሁ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ሲነካ እሳት ይተፋል።
2. አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ በጥብጡና ነጭና ሰማያዊውን ዱቄት እጠቡ። ውሃው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ ይጥበቁ። ያ ዱቄት አሲድ አለበትና በባዶ እጅ አትንኩት።
3. የእርሳሱን ራስና የማሰሪያውን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈትጉ።
4. መጀመሪያ ፖዘቲቩን፣ ከዚያ ኔጌቲቩን እሰሩ። ማሰሪያው በእጅ ሲወዘወዝ መንቀሳቀስ የለበትም። ከታሰረ በኋላ ላዩን ቫዝሊን ቀቡት።

ከሌላ መኪና ማስነሳት ግድ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ ቀይ ገመድ ከደከመው ፖዘቲቭ ወደ ጤነኛው ፖዘቲቭ፣ ጥቁር ከጤነኛው ኔጌቲቭ ወደ ደከመው መኪና ሞተር ብረት። የመጨረሻውን ጫፍ ባትሪው ላይ አታድርጉት፤ ቻርጅ የሚሆን ባትሪ ሃይድሮጅን ይተነፍሳል፣ አንድ ብልጭታ ሊያፈነዳው ይችላል። ጤነኛው መኪና 5 ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ አስነሱ። ሲፈታ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ እንደገና ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካላችሁ ዲናሞው ይሠራል። መብራትና የማሞቂያ ፋን ተከፍቶ ከ13.5 በላይ መቆየት አለበት። 12 ነጥብ ምናምን ሆኖ እየወረደ ከሄደ ቻርጅ የለም። ያኔም ዲናሞ ከመፍታት በፊት ቺንጊያውን (ዲናሞውን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ) እዩ፦ ተሰንጥቋል? ይንሸራተታል? ረጅሙ መሐል ላይ በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ስትጫኑት 10 ሚሊሜትር ያህል ቢረግብ መልካም ነው። ጠዋት ሲነሳ የሚያፏጭ ቺንጊያ ብዙውን ጊዜ ላልቷል ወይም መስታወት መስሏል። ራሱን የሚያጠብቅ መወጠሪያ ባለበት መኪና ግን የምትመረምሩት መወጠሪያውን ነው።

ሁሉም ልክ ሆኖ ባትሪው ሌሊት የሚያልቅ ከሆነ የሚጠጣ ነገር አለ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሮቹ ተዘግተው፣ ኔጌቲቩን ፍቱና መልቲሜትሩን በ10 አምፒር መሰኪያው በገመዱና በባትሪው መካከል አስገቡት። 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ የመኪናው ኮምፒውተሮች እስኪተኙ። ከ0.05 አምፒር በላይ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ቁጥሩ የሚወርድበትን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በኋላ የተገጠመ አላርም፣ ቴፕ ወይም መከታተያ ነው። መልቲሜትሩ እንዲህ ተሰክቶ እያለ ቁልፍ አዙራችሁ ለማስነሳት አትሞክሩ፤ የመልቲሜትሩ ፊውዝ ወዲያው ይቃጠላል።

እዚህ ከተማ ባትሪ ያለ ዕድሜው የሚሞትበት ሌላም ምክንያት አለ። ከካዛንቺስ ሜክሲኮ ለመድረስ በመጨናነቁ ሰዓት ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው) ነው የሚሠራው፤ ዲናሞ ደግሞ በሚኒሞ ላይ ሙሉ ኃይሉን አያወጣም። መብራት፣ ኤሲ፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያና ስልክ ቻርጀር ሲደመሩበት ባትሪው ከሚቀበለው የሚሰጠው ይበልጣል። በሳምንት አንድ ጊዜ 40 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ መንዳት ይጠቅመዋል።

በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና የዞሩ ሰዎችም ከዚህ አላመለጡም። የኤሌክትሪክ መኪና ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አለው፤ እሱ ካለቀ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነቃም። የ12 ቮልቱ መለኪያ ከላይ ያለው ራሱ ነው፣ አንዳንዶቹ ሊቲየም የሆነ 12 ቮልት ስላላቸው ብቻ መመሪያቸውን እዩ። ብርቱካናማ ገመድ ግን ከቶ አትንኩ።

ሞተሪኖው አዙሮ ሞተሩ ለማይነሳበት፦ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና ከኋላ ወንበር ሥር ለ2 ሰከንድ የሚንዛዛ ድምፅ አድምጡ፤ የቤንዚን ፓምፑ ነው። ድምፁ ከሌለ ፊውዙንና ሪሌውን (የኤሌትሪክ ማብሪያውን) እዩ። ጋኑ ሊያልቅ የቀረበ መኪና ዳገት ላይ ቆሞ ካደረ ቤንዚኑ ከፓምፑ ሸሽቶ ሊሆን ይችላል፣ ሜዳ ላይ አውርዳችሁ ሞክሩ። ደጋግማችሁ ሞክራችሁ ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩ ጠግቧል፤ ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ 5 ሰከንድ አዙሩ። የናፍጣ መኪና ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ጠዋት ብቻ ካስቸገረ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን አስመርምሩ።

ሙቀት ሲያነሳ

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፤ ከቀላል ተነስቶ ሞተር የሚያስወርድ ብልሽት ከዚህ የባሰ የለም።

መጀመሪያ ከፍታውን አስቡ። መሐል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት (ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን በራዲያተሩ የሚያዞር ቫልቭ) በ82 መከፈት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 ነው። ማለትም ጤነኛ ሞተር እንኳን የሚሠራበት ሙቀት እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ ያፈላል። መኪናውን ከመፍላት የሚያድነው ግፊት ነው፣ ግፊቱን የሚይዘው ደግሞ የራዲያተሩ ክዳን። 1.1 የተጻፈበት ደህና ክዳን የውሃውን መፍያ ወደ 118 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ 0.9 ወደ 114። ክዳኑ ካልያዘ ወደ 92 ተመለሳችሁ። ጅቡቲ ላይ ብዙም የማይታወቅ የክዳን ድካም ፒያሳ ላይ መኪና የሚያቆመው ለዚህ ነው።

መንገድ ላይ እያላችሁ መለኪያው ከመሐል ሲያልፍ፦ ኤሲውን አጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ አድርጉና ፋኑን በሙሉ ክፈቱ። ለእናንተ ይሞቃል እንጂ ሞተሩ ትንሽ ይተነፍሳል። ካልወረደ ወይም ቀዩን ከነካ ዳር ያዙና አጥፉ። ዳገት ላይ ከሆናችሁ ጎማውን ወደ መንገዱ ጠርዝ አዙሩ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ድንጋይ አስደግፉ። ስትሄዱ ድንጋዩን አንሱት እንጂ! ከተማው ውስጥ በማታ ጎማና ቸርኬ የሚሰብረው ግማሹ ድንጋይ እንዲህ ተረስቶ የቀረ ይመስላል።

ክዳኑን አትክፈቱ። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ጠብቁና ላይኛውን ወፍራም የራዲያተር ጎማ ቱቦ በጨርቅ ጨምቁት። ድንጋይ ከሆነ ግፊት አለ፤ ለስላሳ ከሆነ በወፍራም ጨርቅ ሸፍናችሁ ክዳኑን ሩብ ዙር ብቻ አዙሩ፣ እስኪተነፍስ ጠብቁ፣ ከዚያ ክፈቱ። ውሃ የሚጨመረው ሞተሩ ተነስቶ በሚኒሞ እየሠራ፣ በትንሽ በትንሹ ነው። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ይሰነጥቃል። የሃይላንድ ውሃ ለዕለቱ ያደርሳችኋል፤ በሳምንቱ ውስጥ ግን በኩላንት መቀየር አለበት።

ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ምርመራው የሚጀምረው «መቼ ነው የሚሞቀው?» ከሚለው ነው።

ቆሞ ወይም በመጨናነቅ ላይ ሞቆ ሲሄድ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ፋኑ ነው። ኤሲ ክፈቱ፤ በአብዛኞቹ መኪኖች ፋኑ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መነሳት አለበት። ካልተነሳ ፊውዙን እዩ፣ ከዚያ የፋኑን ሪሌ ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ሌላ ሪሌ (ብዙ ጊዜ የጡሩምባው) ጋር ቀያይሩ። አሁንም ካልሠራ የፋኑን ሶኬት ነቅላችሁ በሁለት ገመድ ከባትሪው ቀጥታ ስጡት። ከዞረ ሞተሩ ደህና ነው፣ ችግሩ ሴንሰር ወይም ገመድ ላይ ነው። ካልዞረ ፋኑ አልቋል።

ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ብቻ የሚሞቅ ከሆነ ራዲያተሩን ጠርጥሩ። በውጭ በኩል በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መካከል የበጋ አቧራና ላባ ይከማቻል፤ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀላል የውሃ ግፊት ይታጠብ። በውስጥ በኩል ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ የጠጣ ራዲያተር ቱቦዎቹ በደለልና በዝገት ይጠባሉ። ሞተሩ ሞቆ ሲጠፋ የራዲያተሩን ፊት በእጅ መዳፍ (ፋኑ እንዳይነሳ ሶኬቱን ነቅላችሁ) ዳስሱ፤ ቀዝቃዛ ቦታ ካለ እዚያ ጋ ውሃ አያልፍም።

በተነሳ በጥቂት ደቂቃ ከሞቀና ላይኛው ቱቦ ሲያቃጥል ታችኛው ከቀዘቀዘ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል። አውጥታችሁ ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር ጣዱት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት አዲስ አበባ ድስት ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፤ ውሃው በ92 ፈልቶ ያልቃል፣ 95 አይደርስም። በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ከተከፈተ ደህና ነው፣ አትጣሉት። ጨርሶ ካልተነቃነቀ፣ ወይም ቀዝቅዞ ክፍት ከሆነ ቀይሩት።

«ለአዲስ አበባ ቴርሞስታት አያስፈልግም» ብሎ አውልቆ መጣልም የተለመደ ነው። ስሕተት ነው። ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ስለሚሠራ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል፣ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል። የባሰው ደግሞ አንዳንድ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የሚዘጋው ሌላ አቋራጭ መንገድ አለ፤ ሲወልቅ ውሃው በአቋራጩ እየተመለሰ ራዲያተሩን ሳያይ ይዞራል፣ ዳገት ላይ ይበልጥ ይሞቃል።

ውሃ የሚቀንስ ግን መሬት ላይ የማይታይ ከሆነ ከክዳኑ ጀምሩ። የታችኛው ጎማ ተሰንጥቋል ወይ ደርቋል? መሐሉ ላይ ያለችው ትንሿ ቫልቭ በጥፍር ስትሳብ ትመለሳለች? መኪናው ከቀዘቀዘ በኋላ ላይኛው ቱቦ ተጨማዶ ከተገኘ ያቺ ቫልቭ አትሠራም፤ ውሃ ከፕላስቲክ ማጠራቀሚያው መመለስ አቅቶታል። አዲስ ስትገዙ አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያለው ይሁን። ከፍ ያለ ቁጥር «ይሻላል» ብሎ መግጠም ያረጀ ራዲያተር ይቀድዳል። ቀጥሎ የውሃ ፓምፑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ እዩ፣ የደረቀ ቀለም ወይም እርጥበት ካለ ፓምፑ ጀምሯል። የፊት ተሳፋሪ እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ከረጠበና ጣፋጭ ሽታ ካለው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ይቀራል። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሱ፤ ውሃው ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ ከወጣ፣ ጋዝ ሲጨምሩም ከበረታ፣ የሞተሩ ጭስ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ሞተሩ ሞቆም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፣ ዘይት መለኪያው ላይ ማኪያቶ የመሰለ ዘይት፣ እነዚህም ምስክሮች ናቸው። ክረምት ላይ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ዘይት መጨመሪያ ክዳኑ ሥር ትንሽ ነጭ ነገር ቢታይ ግን አትደንግጡ፤ የእንፋሎት ጠል ነው። ፍርዱ ከዘይት መለኪያው ይሰጥ።

ቴስታታ ከወረደ መካኒኩን ሁለት ነገር አሳየኝ በሉት። አንደኛ፣ ፊቱ ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ሲያስቀምጥ በመካከሉ የሚገባው የስስ መለኪያ ውፍረት፤ ለብዙ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ መላግ ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ብሎኖቹ በቶርክ ቁልፍ፣ ከመሐል ወደ ዳር፣ በሁለት ወይም ሦስት ዙር ሲጠብቁ። በእጅ ግምት የጠበቀ ቴስታታ በወሩ ተመልሶ ይመጣል።

ውሃው ሲሞላ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ይሁን፤ ትንንሽ ቶዮታዎች በድምሩ ከ4 እስከ 5.5 ሊትር ይይዛሉ። አፍንጫው ወደ ላይ እንዲሆን ጠጋ ያለ ዳገት ላይ አቁሙ (ለዚህ እንኳን ፒያሳ አትታማም)፣ ማሞቂያውን ሙቅ ላይ አድርጉ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ይሥራ፣ አረፋው እስኪያልቅና ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪጠፋ እየጨመራችሁ ጠብቁ። አየር የቀረበት ሞተር ሁሉም ዕቃው አዲስ ቢሆንም ይሞቃል።

ሲንቀጠቀጥና ጉልበት ሲያጣ

በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። 1.0 ሊትር ቪትዝ አምስት ሰው ጭኖ፣ ኤሲ ከፍቶ ቸርችልን ሲወጣ ቢያቃስት ብልሽት አይደለም። መለኪያው የራሱ የመኪናው የትናንት ጉልበት ነው።

የሞተር መብራት በርቶ ከሆነ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አስነብቡ። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን አትንዱት፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ማርሚታው ጋ ያለውን ማጣሪያ እያቃጠለ ነው። ፒ 0301 ካለ አንደኛው ሲሊንደር እሳት እየሳተ ነው፣ ፒ 0302 ሁለተኛው፣ እንዲህ ይቀጥላል። ኮድ ግን አቅጣጫ ይጠቁማል እንጂ ዕቃውን አይነግራችሁም። የአንደኛውን ቦቢና (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን) ከሁለተኛው ጋር ቀያይሩ፣ ኮዱን አጥፉ፣ ንዱት። ኮዱ ወደ 0302 ከተዛወረ ቦቢናው ነው፣ እዚያው 0301 ከቀረ ካንዴላውን ቀያይራችሁ ድገሙ። አሁንም ካልተዛወረ ወደ ቤንዚን ረጪው ኢንጀክተርና ወደ ሲሊንደሩ ግፊት (ኮምፕሬሽን) ሂዱ። ምንም ሳትገዙ ጥፋተኛውን ለያችሁ።

ካንዴላ የሚፈታው ሞተር ቀዝቅዞ ነው። ከመፍታት በፊት ጉድጓዱን በአየር ንፉ፣ አሸዋ ወደ ሲሊንደር እንዳይገባ። ቀለሙ ይናገራል፦ ቡናማ ጤና፤ ደረቅ ጥቁር ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር ማጣሪያው ተደፍኗል፤ የረጠበ ቅባት ዘይት ከፋሻ (ከፒስተን ቀለበት) ወይም ከቫልቭ እያለፈ ነው፤ ነጭና የተቀቀለ ቤንዚን አንሷል ወይም ሞተሩ ከልክ በላይ ሞቋል። ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች ለባሕር ዳርቻ አየር እንደተስተካከሉ ከቀሩ እዚህ ሁልጊዜ ጥቁር ያወጣሉ፣ ማስተካከል ያሻቸዋል። የአዲሱ ካንዴላ የጫፍ ክፍተት ለብዙዎቹ ቶዮታዎች 1.0 ወይም 1.1 ሚሊሜትር ነው። በእጅ ብቻ እስኪቆም አዙሩት፤ ከጅምሩ ከከበደ ጥርሱ ተሳስቷልና መልሱት። ከዚያ በቁልፍ ግማሽ ዙር ይበቃል። ያለ ልክ የጠበቀ ካንዴላ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞ ይወጣል።

ሚኒሞው ብቻ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነና ፒ 0171 ከተነበበ፣ ሞተሩ ሳይለካ አየር እየሳበ ነው። ኮፈኑን ከፍታችሁ «ሲስስ» የሚል ድምፅ አድምጡ፣ ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎችን ጫፍ ጫፋቸውን እዩ። የአየር መግቢያውን ቢራቢሮ በማጽጃ ስፕሬይና በጨርቅ ማጽዳት ብዙ ጊዜ ነገሩን ይጨርሰዋል። ዝናብ ከጣለ በኋላ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ የቦቢና ጉድጓድ ውስጥ የገባ ውሃ ነው። መኪናው ለሳምንታት ቆሞ ከነበረ ደግሞ ገመዶቹን በደንብ እዩ፣ አይጥ ሞተር ክፍል ውስጥ ቤት መሥራትና ገመድ መብላት ትወዳለች።

ፍሬን

ፍሬን ላይ መገመት የለም። ሲረገጥ የሚያፏጭ ከሆነ ፓስቲሊዎቹ (ዲስኩን የሚይዙት የፍሬን ሸራዎች) ሊያልቁ ነው፤ ብረት ብረት የሚፋጭ ከሆነ አልቀው ዲስኩን እየበሉ ነው። ፔዳሉ እግር ላይ የሚመታ ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል። ወደ አንድ ወገን የሚስብ ከሆነ አንዱ ፒስተን ተነክሷል፣ ወይም የጎማ ንፋስ አይመሳሰልም፤ ሁለተኛውን መጀመሪያ ለኩ፣ በነፃ ነው። ቀስ እያለ እስከ ወለሉ የሚሰምጥ ፔዳል ዘይት ይፈሳል ወይም ዋናው ፖምፓ ውስጡን ይለቃል፤ ይህን መኪና አትንዱት።

ፔዳሉ ድንጋይ የሆነ ከሆነ የፍሬኑን ረዳት (እግራችሁን የሚያግዘውን) ፈትኑ፦ ሞተር ጠፍቶ 5 ጊዜ ርገጡ፣ ረግጣችሁ ይዛችሁ አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ካልወረደ ረዳቱ ወይም ቱቦው ነው። ረዳቱ የሚሠራው በሞተሩ የአየር ስበት ስለሆነ በዚህ ከፍታ ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ደካማ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ሞተር አጥፍቶ በፎሌ (ማርሽ ሳያስገቡ) መውረድ ቤንዚን ቆጣቢነት የሚመስላቸው አሉ፤ ከሁለትና ሦስት ርግጫ በኋላ ያ ረዳት ጨርሶ ይጠፋል። ቁልቁለት በ2ኛ ማርሽ፣ አውቶማቲክ ከሆነ በ«2» ወይም «ኤል» ይወረዳል።

ፓስቲሊ 3 ሚሊሜትር ሲቀረው ቀይሩ፣ ሁልጊዜ ግራና ቀኝ አብሮ። የጎማውን ብሎኖች መሬት ላይ እያለ አላሉ፣ ክሪክ አንሱ፣ ወፍራም እንጨት ወይም ማቆሚያ አስደግፉ። ካሊፐሩን (ፓስቲሊዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን) የያዘውን የታችኛውን ብሎን (ብዙ ጊዜ 12 ወይም 14 ቁጥር) ፈትታችሁ ወደ ላይ ገልብጡት፤ በቱቦው እንዲንጠለጠል አትተዉት። ፒስተኑን ቀስ ብላችሁ መልሱ፣ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው እንዳይፈስ እያያችሁ፤ ቀለም ይበላል። አዲሱን ከገጠማችሁ በኋላ መኪናውን ከማንቀሳቀስ በፊት ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። ይህን የረሳ ሰው የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ይሆንበታል። የጎማው ብሎኖች በመስቀል ይጠብቁ፣ ለትንንሽ ቶዮታዎች 103 ኒውተን ሜትር፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይታዩ።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ይጠጣል፤ አዲስ ዶት 3 ከ205 ዲግሪ በላይ ሲፈላ፣ ውሃ የጠጣው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። በየ2 ዓመቱ ቀይሩ። አየር ሲወጣ ከሩቁ ጎማ ይጀመራል፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ኤቢኤስ ያለው መኪና የራሱ ቅደም ተከተል ካለው እሱ ይቅደም።

ከሥር የሚመጡ ድምፆችና ፍሪሲዮን

እነዚህን በአጭሩ። ፍጥነት ሲጨምር የሚያጉረመርምና ወደ አንድ ወገን ሲታጠፉ የሚቀየር ድምፅ የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) ነው። መሪ እስከ መጨረሻ ተጠምዞ ሲነዳ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው የፊት ጎማ አዙሪው ዘንግ ራስ ነው፤ ጎማ ሽፋኑ ሲቀደድ ግራሱ ወጥቶ አሸዋ ይገባበታል። ጎማውን አንስታችሁ ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ስትወዘውዙት ከተጫወተ የመሪ ቴስቲና (መገጣጠሚያ) ነው፤ ከላይና ከታች ይዛችሁ ከተጫወተ ኩሽኔታው ወይም የታችኛው ቴስቲና። ቴስቲና ከተቀየረ ኮንቨርጀንስ (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ግድ ነው፣ አለዚያ አዲስ ጎማ በጥቂት ወራት ጠርዙ ይበላል።

ፍሪሲዮን ዳገት ላይ ሲንሸራተት የሞተሩ ዙር ይጨምራል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም፤ የተቃጠለ ሽታም ይመጣል። ሜዳ ላይ ለማረጋገጥ ከፊት ሰው በሌለበት የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ 3ኛ ማርሽ አስገቡ፣ ትንሽ ጋዝ እየሰጣችሁ ፔዳሉን ልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ይይዛል። መሥራቱን ከቀጠለ አልቋል። አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሩ፣ መደጋገሙ ራሱ ያቃጥለዋል። ከመቀየር በፊት ግን ፔዳሉ ላይ ከላይ 1 ወይም 2 ሳንቲሜትር ነፃ ጨዋታ መኖሩን እዩ፤ ኬብሉ ከልክ በላይ ከጠበቀ ጤነኛ ፍሪሲዮንም ይንሸራተታል፣ ማላላት ብቻ ይበቃዋል። ለመቀየር ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከወረደ ዲስኩ፣ መጫኛውና ኩሽኔታው ሦስቱም አብረው ይቀየሩ፤ ኩሽኔታውን ለመቆጠብ የተረፈው ገንዘብ ካምቢዮውን ዳግመኛ ለማውረድ አይበቃም።